እርማት፦ ለግንደ ቆርቁር ፎቶ የቀትር ፀሐይ አይበጅም

ወዳጄ፣ «ግንደ ቆርቁርን ለማንሳት ቀትር ላይ ውጡ፤ ብርሃን በበዛ ቁጥር ፎቶው ይጠራል» ያልከውን አነበብኩ። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ቀትር ላይ ብርሃኑ የሚወርደው ከአናት ነው። የወፏ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ብዙ የግንደ ቆርቁር ዝርያዎች ደግሞ ጥቁርና ነጭ ላባ አላቸው። በዚያ ፀሐይ ነጩ ተቃጥሎ ባዶ ይሆናል፣ ጥቁሩ ድፍን ይላል። የላባው ዝርዝር በቃ ጠፋ ማለት ነው፤ በኋላ በኮምፒውተር አይመለስም።

ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ሞክረው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የግንዱ ቅርፊት ስንጥቅ ሁሉ ይታያል። ዓይኗ ላይ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ታርፋለች፤ ፎቶው ሕይወት የሚዘራው በእሷ ነው። ሰማዩ ስስ ደመና ሲለብስም ካሜራህን አታስቀምጥ። ለእንዲህ ዓይነት ላባ እኔ ከዚያ የተሻለ ብርሃን አላውቅም።

ብርሃን አነሰ ብለህ አትስጋ፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርግ። ወፏ ስትቆረቁር በሰከንድ እስከ 20 ጊዜ ልትመታ ስለምትችል የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል።

«ወፏን ብቻ አቅርበህ ፎቶውን ሙላው» ያልከውም ጅራቷን ያስቆርጥሃል። ጠንካራው ጅራቷ ግንዱ ላይ የምትደገፍበት ምርኩዝ ነው፤ ሙሉውን አስገባው። ግንዱን ወደ አንድ ጎን አድርግና ከጀርባዋ በኩል ክፍት ቦታ ተው።

ጎጆዋ አጠገብ ከሆንክና መግባት ከፈራች ግን ፎቶው ይቅር፣ ራቅ በልላት።