ዲሲም ሆነ አዲስ አበባ፣ ነገሩ ሰዓት ላይ ነው

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የምንኖር ሐበሾች ስለ መዝናኛ ስናወራ ሁለት እሮሮ አናጣም። አንደኛው "እዚህ አገር ከሥራና ከእንቅልፍ ሌላ ምን አለ?" የሚል ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያመጣው "የድሮው ሁሉ ጠፍቷል" ነው። ሁለቱም ውስጥ እውነት አይጠፋም። ግን ሙዚቃውም፣ ፊልሙም፣ አራዊቱም የሚያመልጠን ብዙውን ጊዜ ስለሌለ ሳይሆን ያለሰዓቱ ስለምንሄድ ነው።

የራሳችንን ኮንሰርት እንውሰድ። ፖስተሩ ላይ በፈረንጁ 10 ፒኤም ተብሎ ይጻፋል። ዘፋኙ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ መሆኑን ስለምናውቅ በተባለው ሰዓት የሚመጣ የለም፤ የሚመጣ ስለሌለ ደግሞ ዘፋኙም አይወጣም። ይህን ልማድ ይዞ ዲሲ ካሉት የፈረንጅ ኮንሰርት ቤቶች አንዱ ወደሆነው ናይን ሰርቲ ክለብ የሄደ ሰው ትኬቱን አቃጠለ ማለት ነው። በነገራችን ላይ የክለቡ ስም ሰዓት ይምሰል እንጂ በፈረንጅ አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚያው ናቸው) በ1980 ሲከፈት ከነበረበት ከኤፍ ጎዳና 930 ቁጥር የመጣ ነው። አሁን ያለበት ቪ ጎዳና የገባው በ1996 ሲሆን 1,200 ያህል ሰው ቆሞ ያስተናግዳል። ትኬት ላይ "ዶርስ" የሚለው በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። በፈረንጁ ከምሽቱ 7 ከተከፈተ ብዙውን ጊዜ መክፈቻው ባንድ በ8፣ ዋናው በ9 ግድም ይጀምራል፤ 11 ላይ መብራት ይበራል። በሥራ ቀን ቢሆን እንኳ ለነገ ፈረቃ እንቅልፍ ይተርፋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ከዩ ስትሪት ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር ፎርት ቶተን ወርዶ ወደ ቀዩ ይቀይራል። ችግሩ የሚመጣው እዚያ ነው፦ የአረንጓዴውን የመጨረሻ ባቡር መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ የቀዩም የመጨረሻ ባቡር መታየት አለበት። አለበለዚያ ሁለት ጣቢያ ሲቀር መንገድ ላይ ቀርቶ ታክሲ መጥራት ነው።

ስለ ጆሮም አንድ ነገር ይነገር፤ የኛ ሰው ይህን ይንቃል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው፤ ኮንሰርት ደግሞ እዚያ መድረሱ ብርቅ አይደለም። የስፖንጅ መድፈኛ ከጥቂት ሳንቲም አይበልጥም፤ አደራረጉ ግን ዘዴ አለው። በጣት አሽቶ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ ዞሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ ማስገባት፣ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት መያዝ። "አይሠራም" የሚል ሰው ጆሮውን ሳይስብ ጫፉን ብቻ የሰካ ነው።

በኃይሉ መርጊያ ነገር ደግሞ እናፍራ። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ መጥቶ የቀረ፣ ለዓመታት የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 በአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ ወደ መድረክ ተመለሰ። አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ሊሰማ የሚሰለፈው በአብዛኛው ፈረንጅ ነው። ያገሬን ሙዚቃ ናፈቅሁ የሚለው ወገን በዚያ ሰዓት ገና ለእሑድ ሌሊት ልብስ እየመረጠ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ስህተቱ ይገለበጣል፤ የዲያስፖራው ሰው አለወትሮው ቀድሞ ይደርሳል። ፖስተር ላይ "3:00" ካለ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ የውጭ ሰው የሚያዘወትረው ቤት ግን ያንኑ ሰዓት 9:00 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ደውሎ "በሐበሻ ነው በፈረንጅ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አዝማሪ ቤት በሦስት ሰዓት የገባ ሰው ባዶ ዱካ ያያል፤ ቤቱ የሚሞቀው ከአራት ሰዓት ወዲያ ነው። ወደ ጥግ ተጠግቶ፣ ግን ከድምፅ ማጉያው ፊት ራቅ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ማይክ ሲበዛበት የማሲንቆው ጭራ መፋጨቱ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጩኸት ነው። ግጥም መስጠት የፈለገ ሰው "ተቀበል!" ብሎ፣ አጠር ያለች ቤት የምትመታ ሁለት ስንኝ ይወረውራል። ረጅም ከሆነ አዝማሪው መሃል ላይ ያቋርጠዋል፤ ቤት ካልመታ ራሱ ያስተካክለውና ሳቁ በሰጪው ላይ ይሆናል። የሽልማት ብር አስቀድሞ ተዘርዝሮ ይያዝ። መጀመሪያ ላይ ባለ 200 ግንባሩ ላይ የለጠፈ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲሞገስ ያድራል፣ ኪሱ ግን አብሮ አያድርም።

አድራሻው አርጅቶ ሊሆን እንደሚችልም ይታወቅ። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ በጥር 2015 ሆቴሉ ላይ በተነሳው እሳት ጠፋ። ካዛንቺስ ላይ ውዝዋዜኛው መላኩ በላይ ያቆየው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም በ2024 በሰፈሩ መልሶ ግንባታ ፈረሰ። ዲሲም ከዚህ አላመለጠችም፤ መንትያ ኢትዮጵያውያት እህትማማቾች ዩ ስትሪት ላይ የያዙት ትዊንስ ጃዝ በ2020 ተዘጋ። የአምስት ዓመት ትዝታ ይዞ ታክሲ ከመያዝ ሙዚቀኛውን ራሱን መከታተል ያዋጣል፣ ቤቱ ቢፈርስ እሱ ሌላ ቤት ይጫወታል።

ፊልም ላይ እንለፍ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሃል ያለው ኤኤፍአይ ሲልቨር ሲኒማ ቤት በ1938 ተከፍቶ፣ ኋላ ተዘግቶ ቆይቶ፣ በ2003 ታድሶ የተመለሰ ነው። ከእንጀራ መሸጫዎቻችን የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው፣ በየዓመቱም የአዳዲስ አፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል አለው። የድሮና ከመስመር የወጡ ፊልሞች የሚታዩት ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ "የሚቀጥለው ሳምንት አየዋለሁ" አይሠራም። ፕሮግራሙ ላይ 35 ሚሜ (በዲጂታል ሳይሆን በፊልም ጥቅል የሚታይ) የሚል ካለ ያ ነው የሚመረጠው። እያንዳንዱ ጥቅል ወደ 20 ደቂቃ ይሄዳል፤ ሊያልቅ ስምንት ሰከንድ ያህል ሲቀረው በስክሪኑ ቀኝ የላይ ጥግ ክብ ነጥብ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። የመጀመሪያዋ ለፊልም አጫዋቹ "ሁለተኛውን ማሽን አስነሳ"፣ የኋለኛዋ "ቀይር" ማለት ነው። አንዴ ያያት ሰው ከዚያ በኋላ ሳያያት አይቀርም።

ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ የኃይሌ ገሪማና የባለቤቱ የሳንኮፋ መጽሐፍ ቤትና ካፌ አለ። አከፋፋይ ሲያጡ በ1993 ያወጡትን ፊልም በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው ያሳዩ ሰዎች ናቸው፤ ገብቶ ቡና መጠጣት ብቻ እንኳ ያስተምራል። አገር ቤት ግን ለኔ እውነተኛ ወዳጆች የነበሩት ፊልም በየቪዲዮ ቤቱ የነበረው የትርጉም ፊልም ነው። አንድ ተርጓሚ የአባትየውንም የልጅቱንም የወንበዴውንም ቃል በራሱ ድምፅ፣ ከራሱ ተረብ ጋር ያወርደው ነበር። ያንን ሥራ አሁን ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ማን እንደሆነ ባየሁ።

አራዊቱ ላይ ጠዋት የግድ ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ ከ1890 ጀምሮ ከተማዋ መሃል ያለ ደን ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በመኪና ስናቋርጠው ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ በፈረንጁ ወር ትንንሽ ተሰዳጅ ወፎች ሌሊት እየበረሩ ጎህ ሲቀድ እዚያ ያርፋሉ። የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ማግስት ይበዛሉ። ፀሐይ ቀድሞ የሚነካው ጉብታ ላይ፣ ሜንተናንስ ያርድ በሚሉት ሜዳና በ17 እና 18 ቁጥር የሽርሽር ቦታዎች ዙሪያ በፈረንጁ ከንጋቱ 6 እስከ 9 ድረስ ይታያሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። ቢኖኩላር ባለ 8 በ42 ይበቃል። 12 ጊዜ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ ቅጠል ውስጥ የምትዘል ወፍ ደግሞ ከጠባቡ እይታ ታመልጣለች። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፤ በዚያ ወቅት የአጋዘኑ መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ ነው። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጥግ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ በክብሪት መለብለብ ወይም ቫዝሊን መቀባት አይረዳም፤ ሲበሳጭ ምራቁን ይተፋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ የሚሆነው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ጥዱ ላይ የሚንጫጫውን ሰምቶት ያድጋል፣ ቀና ብሎ አያየውም እንጂ። ሲበር ክንፉ ቀይ የሚሆነው ቱራኮ የሚባል አረንጓዴ ወፍ እዚያ አለ። ለሙሉ ቀን ከሆነ በሰበታ በኩል የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይታይበታል። በክረምት ግን ትንሽ መኪና አይደፍረውም። ጭላዳ ለማየት ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደብረ ሊባኖስ ነው። ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ለሣር ይወጣሉ፣ ስለዚህ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት መድረስ ይገባል። አውራው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ በጣም ቀርበናል ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማለት እንጂ ዳቦ መወርወር አያዋጣም። ከመነሳት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን መስመሩ ላይ ከሚሠራ ሹፌር ይጠየቅ። ቢኖኩላሩንም ቦሌ ጉምሩክ ሊይዘው ስለሚችል ፈቃዱን ከጉዞው በፊት መጨረስ ነው፤ ሻንጣ ተከፍቶ የሚደረግ ክርክር ጠዋቱን ይበላል።