እነሱ ሜዳ፣ እኛ ሜዳልያ

ፊንላንድ ከፓሪሱ የ2024 (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ አንድም ሜዳልያ ሳታገኝ ተመለሰች። ከ1908ቱ የለንደን ውድድር ወዲህ በበጋ ኦሎምፒክ እንዲህ ሆና አታውቅም። ነገሩን ያከበደው ደግሞ ከተማው ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1924፣ ከዚያው ከፓሪስ 37 ሜዳልያ ይዛ ነበር የተመለሰችው፤ 14ቱ ወርቅ፣ ከ14ቱም 5ቱ የአንድ ሰው፣ የሯጩ የፓቮ ኑርሚ። በዚያው ሰሞን እኛ ሐበሾች በ1 ወርቅና በ3 ብር «ምን ነካን?» እያልን ስንብሰለሰል ነበር። ሰሜን አውሮፓ የምንኖር ሰዎች የሁለቱንም ቤት ለቅሶ ሰማን። ለቅሶው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እነሱ ሜዳ ሞልቷቸው ሜዳልያ አጡ፤ እኛ ሜዳ ሳይኖረን ሜዳልያ ለመድን።

ፊንላንዶች ዛሬ እኛ በቆምንበት ቦታ ቆመው ያውቃሉ። ሃኔስ ኮሌማይነን በ1912 ስቶክሆልም ላይ 5,000፣ 10,000 እና አገር አቋራጭ አሸነፈ። ኑርሚ በ1924 የ1,500 እና የ5,000 ሜትር ወርቁን በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በመካከላቸው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወሰደ። በ1936 በርሊን ላይ 10,000 ሜትሩን ከ1 እስከ 3 ተከታትለው ገቡ። ያኔ የውጭው ሰው ምስጢሩን ፍለጋ ያልነካካው ነገር አልነበረም፤ ጥቁሩ ዳቦ ነው፣ ሳውናው ነው፣ ጫካው ነው፣ ብርዱ ያጠነከረው ደም ነው ይባል ነበር። አሁን ስለ እኛ ሲጠየቅ መልሱ ከፍታው፣ እንጀራው፣ ትምህርት ቤት በእግር መመላለሱ ነው። ጥቁሩ ዳቦም ሳውናውም ዛሬ ድረስ አሉ። ወርቁ ግን ከ1936 በኋላ በትራክ ረጅም ርቀት ለ36 ዓመት ጠፋ።

የመለሰው ዳቦ አልነበረም። የኒውዚላንዱ አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ በ1967 ወደ ፊንላንድ መጣ፤ መጀመሪያ ላይ የተቀበሉት በጥርጣሬ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ለወራት በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የተረጋጋ ሩጫ፣ ቀጥሎ ዳገት፣ ፍጥነት መጨረሻ ላይ ብቻ። ፍጥነቱን ያስቀደመ ሯጭ ሰኔ ላይ ያበራና ነሐሴ ላይ ይጠፋል፤ ዋናው ውድድር ያለው ደግሞ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። የፊንላንዳዊው ሯጭ የላሴ ቪረን አሠልጣኝ ሮልፍ ሃይኮላ ይህን ከራሱ ስሌት ጋር አዋሃደው። ውጤቱ በ1972 ሙኒክ ላይ ታየ። ቪረን በ10,000 ሜትሩ መሐል ወደቀ፣ ተነሣ፣ በ27:38.4 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ሦስተኛ የገባው ምሩፅ ይፍጠር ነበር። ምሩፅ ለ5,000 ማጣሪያ ሳይሰለፍ ቀረ፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በተለያየ መልኩ ይወራል። ያንንም ቪረን ወሰደው።

ሞንትሪያል 1976 ላይ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች በአድማ ባልተገኙበት፣ ቪረን ሁለቱንም ደገማቸው። ከዚያ ሞስኮ 1980 መጣ። በ10,000ው እነ መሐመድ ከድር እና ቶሎሳ ቆቱ እየተፈራረቁ ፍጥነት ጨመሩ፣ ቀነሱ፣ ጨመሩ። እኩል እርምጃ የለመደን ሯጭ የሚሰብረው ይኼ ነው፤ በየጭማሪው ጡንቻው ውስጥ የሚጠራቀመውን ድካም ለማጽዳት ፋታ አያገኝም። 300 ሜትር ሲቀር ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ማርሹን ቀየረ፤ በ27:42.7 አሸነፈ። ብሩን የያዘው ፊንላንዳዊው ካርሎ ማኒንካ ሲሆን ቪረን አምስተኛ ወጣ። ማኒንካ በኋላ ደም መቀበሉን ራሱ ተናገረ፤ በጊዜው የሚከለክል ሕግ ስላልነበረ ሜዳልያው አልተነጠቀም። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ማርቲ ቫይኒዮ በ10,000 ሁለተኛ ወጥቶ በአበረታች መድኃኒት ተሰረዘ። የፊንላንድ የረጅም ርቀት ዘመን በዚህ ተዘጋ፤ አዘጋጉም የሚያምር አልነበረም።

ዛሬ ላይ ያለውን ልዩነት ለማየት የአንድ ሩጫ ሰዓት ይበቃል። ቫይኒዮ በ1978 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነበት 27:30.99 ነው። ለፓሪስ 2024 የ10,000 ሜትር መግቢያ ሚኒማ ደግሞ 27:00 ነበር። የአውሮፓ ሻምፒዮኑ በዚያ ሰዓቱ ቢመጣ በ31 ሰከንድ ከበር ይመለሳል። በፓሪሱ ፍጻሜ ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ26:43.14 ሲያሸንፍ በሪሁ አረጋዊ በ26:43.44 ብር ወሰደ፤ ልዩነቱ የአንድ እርምጃ ነው።

እና የፊንላንድ ሜዳ ምን ይሠራል? እዚህ ላይ ነው ትዝብቱ። በየሰፈሩ «ፑሩራታ» የሚሉት አለ፤ ጫካ ውስጥ የመጋዝ ብናኝ ወይም ደቃቅ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የመንገድ መብራት የተተከለለት መንገድ። ለጉልበት ከአስፋልት ይሻላል፤ መግቢያ አይከፈልበትም፣ ዘበኛም የለው። ጡረተኛውም፣ ጋሪ የምትገፋው እናትም፣ ብሔራዊ ቡድኑም እዚያው ይሮጣል። ጣጣው ክረምቱ ነው። በረዶ ሲጥል ያው መንገድ በማሽን ተስተካክሎ የበረዶ ሸርተቴ መንገድ ይሆናል፣ በጫማ የረገጠውን ሰው ይቆጡታል። ታኅሣሥ ላይ ሄልሲንኪ ከስድስት ሰዓት ያነሰ የቀን ብርሃን ነው ያላት። ሯጩ ሹል ብረት የተሰካበት ጫማ አድርጎ በረዶ የጋገረው መንገድ ላይ ይወጣል፣ ወይም አዳራሽ ይገባል። የአዳራሽ ትራክ 200 ሜትር ስለሆነ ኩርባው ጠባብ ነው፤ ብዙ የሮጠበት ሰው በውስጥ በኩል ያለው እግሩ ቁርጭምጭሚትና ቅልጥም ይታመማል። ስለዚህ ገንዘብ ያገኘ ሁሉ ክረምቱን ደቡብ አውሮፓ ወይም ኬንያ ያሳልፋል።

ልጅን አትሌቲክስ ለማስጀመር የሰፈር ክለብ ይፈለጋል፤ «ሴውራ» ይሉታል። የወቅት ክፍያ ይከፈላል፣ ለውድድር ደግሞ ኢንሹራንስ ያለበት ፈቃድ ይገዛል። ከአሥር ዓመት በታች ያሉት አይመረጡም፤ ሁሉም ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ኳስ ይወረውራል። አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ የአንዱ ልጅ አባት ነው። በውድድር ቀን አንዷ እናት አሸዋው ላይ ሜትር ትዘረጋለች፣ ሌላው ቋሊማ ይጠብሳል፣ ሌላው ቡና ይሸጣል፤ ገቢው ለክለቡ ነው። «ታልኮት» ይሉታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነው። እኛ ደቦን ለአጨዳና ቤት ለመሥራት አውለን ለልጆች ሩጫ ሳናስበው ቀረን። እዚህ የሚኖረው ሐበሻ ወላጅም ብዙ ጊዜ ልጁን አድርሶ መኪናው ውስጥ ስልኩን ሲነካካ ይታያል። የቡና ማፍያው ተራ ሲደርሰው ነው ግር የሚለው።

የሰፈር ክለብ ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ኔዘርላንድስ ዞር ማለት ነው። ሲፋን ሐሰን በ15 ዓመቷ በስደት ከገባች በኋላ ሩጫን የያዘችው አይንድሆቨን ውስጥ በእንዲህ ያለው ክለብ በኩል ነው። በፓሪሱ ማራቶን ትዕግሥት አሰፋን በ3 ሰከንድ ቀድማ ወርቁን ወሰደች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ኖሮ ዜሮ ለምን? አንደኛ፣ ሕዝቡ ከስድስት ሚሊዮን አይሞላም፤ በጉልበትና በፍጥነት የተሻለው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ በረዶ ሆኪ ይሄዳል፣ ደመወዝ ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የመንግሥት የአትሌት ድጎማ ለዓመታት 6,000፣ 10,000 እና 20,000 ዩሮ በሚል በሦስት እርከን ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ከግብር ነፃ ነው፣ ግን መካከለኛው እርከን የሄልሲንኪን የአንድ ክፍል ኪራይ ከፍሎ ለምግብ ብዙ አያስተርፍም። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሥርዓቱ የተሠራው ለሜዳልያ አይደለም። ሕዝቡ እንዲንቀሳቀስ ነው የተሠራው፤ ሜዳልያ ሲመጣ ምርቃት ነው። በሪዮ 2016 የመጣው አንድ ነሐስ ነበር፣ የቦክሰኛዋ ሚራ ፖትኮነን። በቶኪዮ ሁለት ነሐስ፣ የእሷ እና የዋናተኛው ማቲ ማትሶን። ዜሮው ድንገት አልመጣም፣ ቀድሞውንም ቁጥሩ እዚያው ዜሮ ጫፍ ላይ ነበር።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ ከዚያ ደመወዝና ማደሪያ ያለው ክለብ፤ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ። ወንፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ያለፈው የዓለም ምርጥ ነው። ለዚህም ነው የፓሪሱን የወንዶች ማራቶን ወርቅ በ2:06:26 ያመጣው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ የነበረው፤ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ የገባ ነው። ፊንላንዳዊው የሚታገለው ከሰዓትና ከዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ጋር ነው፤ ኢትዮጵያዊው ከጎረቤቱ ጋር፣ ለሦስት ቦታ። የምርጫ ጭቅጭቃችን የማያልቀውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በቀጭኑ አየር የ10,000 ሚኒማ አይመጣም፤ ስለዚህ ማጣሪያው በ2021 ሆላንድ ሄንግሎ፣ በ2024 ስፔን ኔርሃ ተደረገ። የአገር ምርጫ አገር ቤት ሳይታይ ያልፋል። ለወንፊቱ ያልደረሰው ልጅ ግን የሚሮጥበት መብራት ያለው መንገድ የለውም፤ መኪና ሳይበዛ ጎሕ ሲቀድ አስፋልት ላይ ነው።

ሌላው ጉዳይ ስፋት ነው። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ ያገኘቻቸው 62 የኦሎምፒክ ሜዳልያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው፣ ከ800 ሜትር በታች የመጣ አንድም የለም። ጉግስ የሚጫወት ሕዝብ፣ በፈረስ እየጋለበ ዘንግ የሚወረውር ሕዝብ፣ በጦር ውርወራ የለም። ፊንላንድ ግን ከሯጮቿ በኋላም ጦሯን አልጣለችም። የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ስታዲየም ማማ ቁመቱ 72.71 ሜትር ነው፤ ማቲ ያርቪነን በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቅ የወሰደበት ርቀት ነው። በፓሪስም ሜዳልያ ባይኖርም ከ12ቱ የፍጻሜ ጦር ወርዋሪዎች ሦስቱ ፊንላንዳውያን ነበሩ።

ይህ ዕውቀት ወደ ጎረቤታችን ተሻግሯል። ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ውርወራን ከኢንተርኔት ቪዲዮ ጀመረ፣ ከዚያ በስኮላርሺፕ ፊንላንድ ኩኦርታኔ ገብቶ በፔተሪ ፒሮነን ሥር ሠለጠነ። በ2015 ቤጂንግ ላይ በ92.72 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከአኪ ፓርቪያይነን የፊንላንድ ክብረ ወሰን፣ ከ93.09፣ የሚያንሰው በ37 ሴንቲ ሜትር ነው። በፓሪስ ያሸነፈው ደግሞ የፓኪስታኑ አርሻድ ናዲም ነው፣ 92.97።

ጦር ውርወራን አገራችን ለማስጀመር የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። የወንዶች ጦር 800 ግራም፣ የሴቶች 600 ግራም ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ 700 እና 500፣ ለልጆች 400። መንደርደሪያው ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋት። ጀማሪን ወዲያው ማንደርደር ስሕተት ነው። መጀመሪያ ቆሞ በሁለት እጅ ከራስ በላይ ኳስ ይወረውራል፤ ድንጋይ ከጎን መወርወር የለመደ እረኛ ክርኑን ዝቅ ያደርጋል፣ በጦር ክብደት ያ አወራወር በክርን ውስጥ በኩል ያለውን ጅማት ይበጥሳል። ክርኑ ከትከሻ በላይ ማለፍ ሲለምድ በቆመበት ጦር፣ ቀጥሎ በሦስት እርምጃ፣ ሙሉው መንደርደር የሚመጣው በኋላ ነው። በቀኝ ለሚወረውር የመጨረሻው የግራ እግር ቀጥ ብሎ መትከል አለበት፤ ጉልበቱ ከታጠፈ የመንደርደሩ ፍጥነት እዚያው ይቀራል። ፊንላንዶች ክረምቱን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ መረብ ላይ ስለሚወረውሩ ጦሩ እንዴት እንደሚበር የሚያዩት ግንቦት ላይ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ማየት እንችላለን፤ ሜዳውን ከእግር ኳሱና ከከብቱ በሰዓት መለየት ብቻ ነው። ሌላው ደንብ የማምጣት ነው። ሁሉም ወርውሮ ሳይጨርስ ማንም ወደ ሜዳው አይገባም፣ ሲገባም በእርምጃ ነው፤ መሬት ተሰክቶ ያጋደለ ጦር ጭራው ዓይን ያወጣል። በአትሌቲክስ ሜዳ ላይ ያገራችን ልጅ «አትሩጥ!» ተብሎ የሚጮኽበት እዚህ ብቻ ነው።