ደንበኛስ?

ድሬ ባለውለታዋን አመስግና አትጠግብም፤ ዛሬ ተራው የእነሱ ነው። ከዚራ፣ ዛፎቹ መንገዱን በሚያጠሉበት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ቬንቲሌተርና አራት ላፕቶፕ ባለበት ክፍል ሰባት ወር ሙሉ ሲመክሩ የከረሙትን ፕሮግራመሮቻችንን ማለቴ ነው። ምን ሠሩ የምትሉ አላችሁ። አትቸኩሉ። ሥራማ ማንም ይሠራል።

ለማያውቀው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሩቢ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለ፤ ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ፈጥሮት እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ አወጣው። በ2004 ደግሞ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው ቤዝካምፕ የተባለውን የሥራ ማስተባበሪያ ድረ ገጽ ሲሠራ የተገለገለበትን መሣሪያ ለይቶ አወጣና «ሩቢ ኦን ሬይልስ» ብሎ በነፃ ሰጠ፤ ሩቢ በሐዲድ ላይ እንደ ማለት። የሰውዬው ብልሃት በአጭሩ፣ ከማዋቀር ልማድ ይቅደም ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሁሉ የሚያነሳቸውን ጥያቄዎች፣ ፋይሉ የት ይቀመጥ፣ ሰንጠረዡ ምን ይባል፣ አንዱ ከሌላው በምን ይያያዝ የሚሉትን፣ አንዴ መልሶ ዘጋቸው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንዱን ነገር የሚወክለው ሞዴል በነጠላ ይጠራል፣ ያ ነገር ዳታቤዝ ውስጥ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ በብዙ። የተመዘገበበት ሰዓት ራሱ ይሞላል። ይህን የተቀበለ ሰው የሚጨቃጨቅበት ነገር የለውም፤ ቁጭ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

አደጋው ታያችሁ? የሚጨቃጨቅበት ነገር የለውም! እንዲህ ያለ ኑሮ ለጠላትም አይመኙት። እግዜር ይስጣቸው፣ የኛ ልጆች ቀድመው ነቁ። ክርክር ለማስቀረት የተሠራውን መሣሪያ ወስደው የማያልቅ የክርክር ምንጭ አደረጉት። ውሃ የማይገኝበት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ እንደ ማውጣት ነው፤ ከዚያ ያንኑ ውሃ መውቀጥ።

ከተማዋስ ብትሆን ከሐዲድ ጋር ምኗም ያልሆነች መሰላችሁ? የሐረር ዳገት ወጪው አልቻል ቢል ባቡሩ በቆላው በኩል ታጥፎ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ድሬም ከሐዲዱ ጋር ተወለደች። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር፤ ጅቡቲም 1 ሜትር፣ አዲስ አበባም 1 ሜትር። የምድር ባቡር ሽማግሌዎችን ጠይቄ ነበር፤ «ሽኒሌ ጋ ስንደርስ 90 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው አያምርም?» ብሎ ስብሰባ የጠራ አንድም ሰው አያስታውሱም። ምስኪኖች፣ ባቡሩን ማስኬድ ብቻ ነበር የሚያውቁት። የአሁኑ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኖ መጣ፤ ያኔም የተነፈሰ የለም። የኛ ልጆች ያን ጊዜ ቢኖሩ ኖሮ ሐዲዱ እስከ ዛሬ ጅቡቲ ወደብ ላይ በክብር ተቆልሎ ይገኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። መጋላ ውስጥ አንድ ጅምላ ነጋዴ አሉ፤ ሐጂ እንበላቸው። ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይት ያከፋፍላሉ። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፦ የዱቤ ደብተራቸውን ኮምፒውተር ላይ ማስገባት። ማን ምን ወሰደ፣ ስንት ቀረበት። ሌላ የለም። ደብተሩ ጠርዙ የተበላ፣ ዘይት የጠጣ፣ በላስቲክ የታሰረ ነው፤ ገለጥ ሲያደርጉት ያለፈው ረመዳን ስኳር አሁንም ይቆረቁራል። ሐጂ ከጠቅላላው ዋጋ ሲሶውን ቀብድ ከፍለው ሄዱ።

የመጀመሪያው ወር ለብዙ ቁጥር ተሰዋ። ሬይልስ ነጠላውን ቃል ሲሰጡት ብዙውን ራሱ ያወጣል፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሆዱ ውስጥ አለ። «ፐርሰን» ሲሉት «ፒፕል» ይላል፣ «ቻይልድ» ሲሉት «ችልድረን»። ከደንብ የወጡ ቃላት ተብለው በተመዘገቡት መካከል ዞምቢ ሳይቀር ቦታ ተይዞለታል። ብዙ ቁጥር የላቸውም የተባሉም አሉ፦ በግ፣ ዓሣ፣ ፖሊስ፣ ሩዝ፣ ገንዘብ። ሐጂ የሚሸጡት ሩዝ ነው፣ የሚጠብቁት ገንዘብ ነው፤ በሬይልስ ሰዋስው ሁለቱም የማይቆጠሩ ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ሲኒየራችን እንደ ደንቡ በእንግሊዝኛ እንሂድ አለ። ሁለተኛው፣ አገር ወዳዱ፣ «በገዛ ቋንቋችን ካልሆነ ከመሬት ንቅንቅ አልልም» ብሎ «ደንበኛ» እና «ዱቤ» የሚሉ ሁለት ሞዴሎች በላቲን ፊደል ጻፈ። ሬይልስ ምን ቸገረው፤ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መጨረሻው ላይ «ስ» ይለጥፋል። ሁለት ሰንጠረዥ ተወለደ። አንዱ «ደንበኛስ» ይባላል፣ ሌላው «ዱቤስ»።

ስክሪኑን አየሁት። ደንበኛስ? ዱቤስ? መሣሪያው ራሱ አፍ አውጥቶ የጠየቀ ነው የመሰለኝ። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች ግን ለጥያቄው የደነገጠ አልነበረም፤ ምክንያቱም ያን ቀን የተያዘው አጀንዳ ሌላ ነበር፦ «መዝገብ» ሲበዛ «መዝገቦች» ነው ወይስ «መዛግብት»? ሁለት ቀን ፈጀ። የአንደኛው አጎት ቅኔ የተማሩ ናቸውና ስልክ ተደወለላቸው፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው አርባ ደቂቃ አስረዱ። እኛ ከመዛግብት ካህናት፣ ከካህናት ሊቃውንት ስንል ዋልን። እንዲህ ያለ ዕውቀት በዱቤ ደብተር ሰበብ ባይሆን ከየት ይገኝ ነበር?

ሁለተኛው ወር የጥቅስ ምልክት ነው። ሩቢ ውስጥ ተራ ጽሑፍ በነጠላ ጥቅስም ቢታሰር በድርብ ያው ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ጽሑፉ ውስጥ ተለዋዋጭ ነገር ሲሰካ ነው፣ ያኔ ድርብ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሬይልስ 7.2 ይህን ንዝንዝ ለመገላገል ሩቦኮፕ የሚባለውን የደንብ ተቆጣጣሪ «ኦማካሴ» ከተሰኘ የአጻጻፍ ደንብ ጋር አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት አብሮ ይሰጣል። ኦማካሴ ጃፓንኛ ነው፤ ምርጫውን ለአብሳዩ ተውኩ ማለት። ድርብ ጥቅስ ተብሎ ተወስኗል፣ አለቀ። የኛ ልጆች ኦማካሴን በጭብጨባ ተቀበሉት። ከዚያ ወጥ ቤት ገቡና አብሳዩን አስወጥተው ጨው መቅመስ ጀመሩ፤ ከተሰጣቸው ደንብ ውስጥ ስንቱን እንዳጠፉና ስንቱን እንደለወጡ የሚዘረዝረው ፋይል ዛሬ ከፕሮግራሙ ይረዝማል። በነጠላ ጥቅስ ያመነው ልጅ በድርብ ጥቅስ ካመነው ጋር ለሦስት ሳምንት ሻይ አልጠጣም። አቋም ማለት ይህ ነው። ዛሬ ሰው ለአንድ ጭረት ማን ይኮራረፋል?

ከምሳ በኋላ ድሬ በሯን ዘግታ ታርፋለች፤ ይህም ልማድ ነው፣ ማንም አዋቅሩልን ብሎ አልጠየቀም። ልጆቹ ግን አያርፉም። የአወዳዩ ይመጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ምርቃናው ይገባል። የተጠቃሚ ቁጥር የሚያድገው ያኔ ነው። ጧት ሁለት የነበሩት ተጠቃሚዎች፣ ሐጂና ጸሐፊያቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሚሊዮን ይደርሳሉ። ለሁለት ሚሊዮን ሰው ደግሞ ሥራ በወረፋ የሚያስኬድ ነገር ያስፈልጋል፤ ሬዲስ ይሁን ወይስ በ2024 መጨረሻ ከሬይልስ 8 ጋር የመጣው ሶሊድ ኪዩ? ሶሊድ ኪዩ ያለውን ዳታቤዝ ስለሚጠቀም ተጨማሪ ሰርቨር አይጠይቅም፤ ስለዚህ ተጠረጠረ። ነገር እንዲህ ሊቀል አይችልም፤ አንድ ያልነገሩን አለ። መግሪብ ሲደርስ ተጠቃሚው ተመልሶ ሁለት ይሆናል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለ ጽናታቸውም ይነገር። ሬይልስ የድረ ገጹን ፊት የሚያንቀሳቅሱትን መሣሪያዎች በየጊዜው ይቀያይራል። ሲኒየራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ኮፊስክሪፕት ከሬይልስ 3.1 ጋር በነባሪነት ሲመጣ «ከእንግዲህ ሌላ የለም» ብሎ የማለ ሰው ነው፤ የቡና አገር ልጅ በመሆኑ ደስታው እጥፍ ነበር። በ2013 ለተርቦሊንክስ እንዲሁ ማለ። በ2019 ዌብፓከር ከሬይልስ 6 ጋር ነባሪ ሲሆን ማለ፤ በ2021 መጨረሻ ሬይልስ 7 ዌብፓከርን አሰናብቶ ሆትዋየርን ሲያስገባ «እኔ እኮ ድሮም ዌብፓከር አይጥመኝም ነበር» አለ። ባል ፈትታ ያገባች ሴት መንደር ይነጋገርባታል፤ እሱ ግን በአሥር ዓመት አራቱን አግብቶ አሁንም የታማኝነት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

(ሬይልስ ራሱም ቀልድ ያውቃል። ከተራ ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን በስሙ ጠርተህ ታወጣለህ። ስድስተኛ የለም። ከአምስተኛ ቀጥሎ ያለው አርባ ሁለተኛ ነው። ልጆቹ በዚህ ላይ ገና አልመከሩም፤ እባካችሁ አትንገሩብኝ።)

ከሁሉ የሚበልጠው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ሬይልስ፣ ሌላ ካልነገሩት፣ ሰዓትን ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። ቀጠና ለመምረጥ ካዘጋጀው የከተሞች ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ አለች፣ አዲስ አበባ የለችም። የሁለቱ ሰዓት ያው ነው። ግን ናይሮቢ ብሎ መጻፍ ከክብራችን አንፃር እንዴት ይታያል? አንድ ሳምንት። ጁኒየሯ በመሃል «አቦ፣ ‹አፍሪካ› ብለን፣ በእዝባር ‹አዲስ አበባ› ብንጽፍ እኮ ይቀበላል» አለች። እውነቷን ነው፣ ይቀበላል። ለዚህም ነው ማንም ያልሰማት፤ ይህ ከታወቀ ውይይቱ ሊያልቅ ነው። ቀጠናው ሳይሞላ ቀረ።

እንዲህ እያለ ሐጂ ሥራውን ሊያዩ መጡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር፤ የሌላ አገር ሰው እንዳይደነግጥ፣ እኛ ጋ ሐጂንም ቄሱንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ንቀት የለበትም።

«ይኸው ሐጂ፣ ተቀመጥ፣ እየው» አለ ሲኒየሩ። ስክሪኑ ላይ የትናንት ሽያጭ ወጣ፦ ዘይት፣ 20 ሊትር፣ 05:00። ሐጂ ዘይቱን የሸጡት ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በውጭው አቆጣጠር ስምንት፣ ሦስቱ ሲነሳለት አምስት። ሐጂ ይህን ከየት ያውቃሉ? እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው «ከረፋዱ አምስት» ብለው አነበቡት።

«አምስት ሰዓት ላይ እኮ ሳቢያን ለቀብር ሄጄ ነበር። መጋዘኔን ማን ከፈተው?»

ዘበኛው ተጠራ። ምስኪኑ ዘበኛ በሰው ልጅና በእንግሊዝ አገር ሰዓት መካከል ቆሞ ወላሂ ወላሂ አለ። ልጆቹ ግማሹ ሰዓቱ ሲቀመጥ ይስተካከል፣ ግማሹ ሲታይ ይስተካከል በሚለው ላይ ወዲያው ሁለት ጎራ ለይተው ስለነበር ላስረዳው ያለ አልተገኘም። መጨረሻ ላይ ጁኒየሯ ነች በወረቀት ሥላ አስረድታ ነፃ ያወጣችው።

ሐጂ ረጋ ብለው ሁለተኛ ነገር ጠየቁ። «ሌላው ይቅር። ሰው ላይ ያለኝ ገንዘብ ስንት ነው? ድምሩን አሳዩኝ።»

«ድምር ገና ነው ሐጂ» አለ ሁለተኛው። «ስሙ አልተወሰነም። ገንዘብ ብለን እንዳንሰይመው ሬይልስ ገንዘብን ከማይቆጠሩት ውስጥ ነው ያስገባው፤ እሱን ዘግተን ነው ወደ ድምሩ…»

«ገንዘብ አይቆጠርም?»

«በሰዋስው ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሻያቸውን ጨረሱ። ከኪሳቸው ያን የታሰረ ደብተር አወጡ፣ ላስቲኩን ፈቱ፣ ባዶ ገጽ ፈልገው በእስክሪብቶ ቀኑን ጻፉ፤ ከሥሩ የልጆቹን ቢሮ፣ ከጎኑ ደግሞ ሰባት ወር የሞላውን ቀብድ፣ ሳንቲም ሳያጎድሉ። ዱቤ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሲኒየራችን አንገቱን አስግጎ ገጹን አየና፣

«ሐጂ» አለ፣ «በነጠላ ነው የጻፍከን በብዙ?»