መብራት ሲጠፋ ቅጂውን ይዞ የሚጠፋው መቅጃ

ይህን ብሶት የምጽፈው እዚህ ጎንደር በየቤታቸው ሙዚቃ ለመቅዳት ለሚደክሙ ሁሉ፣ ይበልጡን ግን የመቅጃ መሣሪያ እያስመጡ ለሚሸጡልን ነጋዴዎች ነው። ሚክሰርና (ድምፅ ማደባለቂያና) መቅጃ በአንድ ላይ ያለው፣ ኮምፒውተር የማይፈልግ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ ትራክ ኤስዲ ካርድ ላይ የሚያሰፍር መሣሪያ አለኝ። መሣሪያውን እወደዋለሁ። ማሲንቆውን በአንድ ማይክ፣ ዘፋኙን በሌላ፣ ክራሩን በገመድ፣ ከበሮውን በአራተኛው ቻናል አስገብቼ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን በየፌደሩ (በተንሸራታች መቆጣጠሪያው) ከፍና ዝቅ ማድረግ መቻሌ፣ በዚያ ላይ የላፕቶፕ ማራገቢያ ጩኸት ከማሲንቆው ጋር አብሮ አለመቀዳቱ፣ ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ለሸፈንኳት ጠባብ ክፍሌ ትልቅ ነገር ነው። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስቶፕ ከመጫኑ በፊት መብራት ከጠፋ፣ እስከዚያች ደቂቃ የተቀዳው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ድምፁን የሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል ሲሆን፣ የዚህ ዓይነት ፋይል መጀመሪያው ላይ የተቀዳው ድምፅ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ማለትም የፋይሉን መጠን፣ የሚገልጽ አጭር መረጃ ይኖረዋል። ካርዱም በበኩሉ የትኛው ፋይል የት ቦታ እንደተጻፈ የሚያሳይ ማውጫ አለው። የእኔ መሣሪያ ሁለቱንም ሞልቶ የሚዘጋው ስቶፕ ሲጫን ነው። ኃይሉ በመሀል ሲቋረጥ ድምፁ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያለ መጠኑንም አድራሻውንም የሚናገር ነገር ስለማይኖር፣ መብራት ተመልሶ ሲከፈት የፋይሉ ስም ብቻ ተጽፎ መጠኑ ዜሮ ሆኖ ይገኛል።

በቀን መቅዳት አይታሰብም። ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ አይጠፋም፤ ኮንደንሰር ማይክ ደግሞ የሰፈሩን ኮቴ ሁሉ ይለቅማል። ስለዚህ የምንቀዳው አመሻሽ ላይ ነው፤ መብራት እንደ ልማዱ የሚጠፋውም በዚያው ሰዓት ነው።

በቅርቡ ከቡርቧክስ መንደር የመጡ አንድ አዛውንት አዝማሪ ቤቴ ድረስ ማሲንቋቸውን ይዘው መጡልኝ። ጭራውን እጣን አስነክተው፣ ቅኝቱን አስተካክለው በትዝታ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተው ወደ አምባሰል ተሻገሩ። እናቴ ቡና ይዛ ስትገባ ሳያቋርጡ በስሟ ገጠሙላት። ሰሙ የቡናውን መዓዛ የሚያወድስ፣ ወርቁ ከሀገሯ ርቃ የኖረችበትን ዘመን የሚያነሳ ስንኝ ነበር፤ እናቴም ረከቦቱን አስቀምጣ ቆማ ቀረች። የመሣሪያው የድምፅ መለኪያ አረንጓዴው ላይ እየተወዛወዘ፣ ቀዩን ሳይነካ፣ ልክ እንደምፈልገው ይሄድ ነበር። በዚያው መሀል መብራት ጠፋ። በሻማ ብርሃን ትንሽ ቆየንና «ጋሼ፣ መብራት ሲመጣ ያችን ስንኝ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሷማ ሄደች፤ ሌላ ልግጠምልህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የአዝማሪ ግጥም ተጽፎ የሚጠና አይደለም፤ ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰውና ከሰዓቱ የሚወለድ ነው። ከተማ ላይ በየስቱዲዮው የሚቀዳ ዘፋኝ የተበላሸበትን ስንኝ ደግሞ ይዘፍነዋል፣ ጉዳቱም የአንድ ምሽት ድካም ብቻ ነው። እኛ ግን የምናጣው ዳግም የማይገኘውን ነው።

ይበልጥ የሚያናድደኝ የቀድሞው ቴክኖሎጂ ይህ ችግር ያልነበረበት መሆኑ ነው። ታስካም የተባለው ድርጅት በ1979 ፖርታስቱዲዮ 144 የሚባለውን፣ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የሚቀዳ መሣሪያ አውጥቶ ሙዚቃ በቤት የመቅዳትን መንገድ ከፈተ። በካሴት ሲቀዳ መብራት ቢጠፋ ክሩ ባለበት ይቆማል፤ እስከዚያ የተቀዳው ግን ክሩ ላይ ይቀራል። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አልፎ፣ በ24 ቢት ጥራት የሚቀዳ መሣሪያ ይዘን ካሴት የማያጠፋውን እናጠፋለን። ይህ የዕድገት ዋጋ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም። መሣሪያው በየጥቂት ሰከንዱ የፋይሉን መጠንና ማውጫውን እያደሰ እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኃይል ቢቋረጥ የሚጠፋው የመጨረሻዋ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሆን ነበር።

«የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አለ፤ ሞክሬዋለሁም። ነገር ግን አራት ትራክ በአንድ ጊዜ ሲቀዳ መሣሪያው ካርዱ ላይ የሚጽፈው አንዱን ትራክ ጨርሶ ወደ ሌላው እየሄደ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቁራጭ እያፈራረቀ ነው። ካርዱ በአንድ ቁራጭ የሚይዘው ክፍልፋይ 32 ኪሎባይት ቢሆን፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ለተቀዳ አንድ ትራክ ያ ቁራጭ ሩብ ሰከንድ ያህል ድምፅ ነው። ማውጫው ስለሌለ ፕሮግራሙ ቁራጮቹን በተርታ ይቀጥላቸዋል፤ የሚወጣውም ሩብ ሰከንድ ማሲንቆ፣ ሩብ ሰከንድ ዘፋኝ፣ ሩብ ሰከንድ ከበሮ እየተፈራረቀ የሚንተባተብ ነገር ነው። የአዛውንቱን ድምፅ እንደዚያ ሆኖ ስሰማው መታገሥ አቃተኝ፤ አጠፋሁት።

«ዩፒኤስ ግዛ» የሚሉም አሉ፤ መብራት ሲጠፋ ከራሱ ባትሪ ኃይል የሚሰጠውን ማለታቸው ነው። ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ መሣሪያው አይጠፋም፤ ዩፒኤሱ ግን ኃይል መቋረጡን ለማሳወቅ ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል፣ ማይኩም ያንን ጥርት አድርጎ ይቀዳዋል። ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍ ያላቸው ዩፒኤሶች አሉ፤ እኔ ከገበያ ያገኘሁት ግን ያ ቁልፍ የለውም። ሌላ ክፍል ወስጄ በረጅም ገመድ ሳገናኘው ደግሞ እንደ ንብ የሚያጉረመርም የ50 ኸርዝ ድምፅ ገባብኝ። ለማሲንቆና ለሴት ድምፅ ያንን በዝቅተኛ ድምፅ ማጣሪያ መቁረጥ ይቻላል፤ በገና ሲቀዳ ግን የበገናው ወፍራም አውታር ያለው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ማጣሪያው ጉርምርምታውን ሲቆርጥ የበገናውንም ድምፅ አብሮ ይቆርጠዋል።

መፍትሔው ከመነሻው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ማምጣት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ዓለም ላይ ጠፍቶ አይደለም። ዙም አር 16 በስድስት፣ ዙም ኤል 8 ደግሞ በአራት ተራ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። የታስካም ዲፒ 008 እንዲሁ በአራት ድንጋይ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ሁለት ትራክ ብቻ በመሆኑ ግን ለብቻው ለሚቀዳ ሰው እንጂ ለቡድን አይሆንም። ኮንደንሰር ማይክ ለመሥራት የሚፈልገው 48 ቮልት ከመሣሪያው ሲለቀቅ ባትሪው ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድ ዘፈን አስጨርሶ ስቶፕ እስኪጫን አያንስም። እዚህ ሱቆች የማየው ግን ፌደራቸው የበዛ፣ ለሠርግና ለመድረክ የሚያምሩ፣ ያለ አዳፕተር አንዲት ሰከንድ የማይቆዩትን ነው። ሻጩን «በባትሪ ይሠራል ወይ?» ብዬ ስጠይቀው «ብሉቱዝ አለው» ብሎ የመለሰልኝ ጊዜ አለ።

ስለዚህ የምታስመጡ ወንድሞቻችን፣ የሚቀጥለውን ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልን። በባትሪ ይሠራል ወይ? እየቀዳ ሳለ ገመዱ ቢነቀል የተቀዳው ይተርፋል ወይ? ሁለተኛውን ለማረጋገጥ ካርድ አስገብታችሁ፣ ሪኮርድ ተጭናችሁ፣ ጥቂት ቆጥራችሁ ገመዱን መንቀልና መልሳችሁ መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ያንን ፈተና ያለፈ መሣሪያ ካመጣችሁ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም ያለኝን ሸጬ እገዛዋለሁ።