ሮዛ ፓርክስ ከወንበሯ ያልተነሳችው እግሯ ደክሟት አይደለም

ብዙዎቻችሁ ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ የመብት ታጋይ ሮዛ ፓርክስ እዚህ የጻፋችሁት ባጭሩ «ከሥራ የተመለሰች፣ እግሯን የደከማት አሮጊት የነጮች ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች» የሚል ነው። ልብ ይነካል፤ ግን እንዲህ አልነበረም።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ነጮችና ጥቁሮች ተለይተው በሚቀመጡበት አውቶቡስ ውስጥ ስትታሰር ሮዛ ገና 42 ዓመቷ ነበር። የተቀመጠችውም ለጥቁሮች በተተወው ክፍል የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ነው። የነጮቹ ወንበር ሞልቶ አንድ ነጭ ሲቆም ሹፌሩ በረድፉ ያሉትን አራቱንም አስነሳ። ሦስቱ ተነሱ፣ እሷ ቀረች። ድካሙንም ራሷ በሕይወት ታሪኳ አስተባብላለች፤ የታከታት እሺ እያሉ መኖር ነበር። (ልብስ ሰፊ መሆኗ ግን እውነት ነው።)

ማጣራት ለሚፈልግ የፖሊስ ሪፖርቱና የወንበሮቹ ንድፍ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።

«ደክሟት ነው» ስንል ከ1943 ጀምሮ የኤን ኤ ኤ ሲ ፒ (ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ማኅበር) ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና የሠራችው ይጠፋል። እስሯን ተከትሎ 381 ቀን የቆየው አውቶቡስ ያለመሳፈር አድማም ድንገት የፈነዳ ይመስላል። የከተማዋን የጥቁር ሴቶች ማኅበር የምትመራው የኮሌጅ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ግን ሮዛ በታሰረችበት ሌሊት ኮሌጅ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር የአድማ ወረቀት ስታባዛ ነው ያደረችው። ማኅበሩም ስለ አድማ ማውራት የጀመረው ቀደም ብሎ ነበር።