የእስር ቤት ልደት ለአገር ልደት አይሆንም

ዛሬ አንድ አውስትራሊያዊ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር በሰንሰለት ታስሮ የመጣ ሌባ ቢያገኝ ደስ ብሎት ያወራዋል። ድሮ ግን ነውር ነበር፤ ቤተሰብ ይደብቀዋል። ቫን ዲመንስ ላንድ የምትባለው ደሴት እንኳ የግዞት ስሟን ለማራገፍ ብላ በ1856 ታዝማኒያ ተባለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

እንግሊዝ ወንጀለኞቿን የምትጥለው አሜሪካ ነበር። አሜሪካኖች ነጻ ሲወጡ በሩ ተዘጋ። እስር ቤቱ ሞልቶ በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ሰው ማጎር ተጀመረ። በ1788 በአርተር ፊሊፕ የተመሩ 11 መርከቦች ከ700 በላይ እስረኞች ይዘው አውስትራሊያ ደረሱ። እስከ 1868 ድረስ 160 ሺህ ገደማ ሰው ተጋዘ።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ የፍራንሲስ ግሪንዌይ ታሪክ ነው። አርክቴክት ነበር። ፎርጅድ ሰነድ ሠርቶ ሞት ተፈረደበት፤ ከዚያ ቅጣቱ ወደ 14 ዓመት ግዞት ተለወጠለት። ሲድኒ ሲደርስ ገዢው ላክላን ማኳሪ ሙያውን አይቶ ሥራ ሰጠው። ለእስረኞች ማደሪያ የነደፈው ሃይድ ፓርክ ባራክስ ዛሬም ቆሟል። አገሪቱ በ1966 መገበያያዋን ወደ ዶላር ስትቀይር ደግሞ ምስሉን በ10 ዶላር ኖት ላይ አተመችው። በፎርጅድ የተፈረደበት ሰው በገንዘብ ላይ! እንዲህ ያለውን ይቅርታ ከልቤ እወደዋለሁ።

ግን ይቅር የተባለው መጤው ነው። ባለአገሩስ? ነባሮቹ ሕዝቦች ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ኖረውበታል። እንግሊዞች ግን መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረው ያዙት። ይህን አስተሳሰብ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው ገና በ1992፣ ከነባሮቹ አንዱ የሆነው ኤዲ ማቦ ባነሣው የመሬት ክርክር፣ በማቦ ጉዳይ ነው። በ2023 ነባሮቹ ፓርላማውን የሚያማክር አካል በሕገ መንግሥቱ ይኑራቸው ወይ ተብሎ ሕዝብ ሲጠየቅ፣ 60 በመቶ ገደማው እምቢ አለ።

ብሔራዊ በዓሉም የሚከበረው ጃንዋሪ 26፣ እንግሊዞች ሲድኒ ላይ ባንዲራ በተከሉበት ቀን ነው። ይህ ቀን መቀየር አለበት። ስድስቱ ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር የሆኑት ጃንዋሪ 1 ቀን 1901 ነው። እሱም ንጹሕ አይደለም። በዚያው ዓመት ነጭ ያልሆነ እንዳይገባ የሚከለክል የኢሚግሬሽን ሕግ ወጥቷል። ዛሬ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ውስጥ እንጀራ የሚያቀርቡት ወገኖቻችን ያኔ ቢሆን ከበር ይመለሱ ነበር። ቢሆንም ያ ቀን አገሪቱ በእርግጥ የተወለደችበት ነው።

በ1938፣ የመርከቦቹ መምጣት 150ኛ ዓመት ሲከበር፣ ነባሮቹ ጥቁር ለብሰው ሲድኒ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቀኑን የሐዘን ቀን ብለው ሙሉ የዜግነት መብት ጠየቁ። በዓሉ ዛሬም እዚያው ቀን ላይ ነው።