መንጋውን የፈጀው ጦር አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ በየዓመቱ በመንጋ ስለሚሰደዱት ሣር በል የዱር እንስሳት፣ ስለ ጋምቤላ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች፣ የተጠየቁ እንግዳ ሁለት ነገር ተናገሩ። ሰው ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ መንጋ ፈጅ ስለሆነ ዛሬም ጥፋቱ የአዳኙ ነው አሉ። እርሻው ቢስፋፋም እንስሳቱ «በሌላ መንገድ ይሄዳሉ» ሲሉም አከሉ። ጠያቂው አመስግኖ ወደ ሙዚቃ አለፈ።

በሌላ መንገድ ይሄዳሉ! ቆርኬው ዋናው አስፋልት ሲዘጋ በውስጥ ለውስጥ የሚያቋርጥ ሚኒባስ መሰላቸው እንዴ? መንጋው ከደቡብ ሱዳን ቦማ ተነሥቶ ወደ አኮቦና ጊሎ ወንዞች የሚዘልቀው ሽርሽር አምሮት አይደለም። ውኃውና ለጋው ሣር በየወቅቱ የሚገኘው በዚያ ስለሆነ ነው። እንግዳው ቦትስዋና የሆነውን ቢያነቡ ኖሮ አፋቸውን ይይዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የከብት በሽታን ለመከላከል ተብሎ የተዘረጋ አጥር ከኦካቫንጎ ረግረግ ወደ ማክጋዲክጋዲ ጨዋማ ሜዳ የሚጓዙትን የሜዳ አህዮች መንገድ ቆረጠ። ሌላ መንገድ አልፈለጉም፤ ጉዞው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 አጥሩ ሲነሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉዞው እንደገና ተጀመረ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅ፣ ውኃ ፍለጋ የወጡ ዊልደቢስት የሚባሉ ትልልቅ ሣር በል የዱር እንስሳት መንጋዎች ሌላ አጥር አግዷቸው በአሥር ሺዎች አለቁ። ይህን ሁሉ ያደረገው ሽቦ ነው እንጂ ጦር የያዘ ሰው አይደለም።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ግን የጥንቱ አዳኝ ስም በከንቱ መጥፋቱ ነው። በመተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎችን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት ነግሮናል። በጋው ሲጠና ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ብቻ ይቀራል። ሰዎቹ ከኩሬው ዓሣ ያወጡ፣ የዱር እንስሳትንም ያድኑ ነበር። የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትናንሽ የድንጋይ ስለቶችም ትተዋል። ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሀብት ስለቱ ነው? አይደለም። ወንዙ መቼ እንደሚደርቅ፣ እንስሳው መቼና በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቃቸው ነው። በመንጋ መንገድ ላይ አድብቶ የሚኖር ሰው መንገዱ እንዲዘጋ ከማንም በላይ አይፈልግም።

ካናዳ አልበርታ ውስጥ ሄድ ስማሽድ ኢን የሚባል ገደል አለ። አዳኞች ድንጋይ እየከመሩ ለኪሎሜትሮች የሚዘልቅ መስመር ሠሩ፤ የአሜሪካውን ጎሽ (ባይሰን) መንጋ በዚያ እየመሩ ከገደሉ አፋፍ ሰደዱት። ጭካኔ ነው? አዎ፣ ደም ነው፤ ጻድቃን ነበሩ አላልኩም። ነገር ግን ቦታው ወደ 6 ሺህ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ትውልድ እየተቀባበለ የታደነበት ነው። 6 ሺህ ዓመት! ከዚያ ሁሉ እርድ በኋላ 19ኛው መቶ ዘመን ሲብት በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ላይ ጎሹ ገና በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። ከዚያ ባቡር፣ ጠመንጃና የቆዳ ነጋዴ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በዱር የቀረው ከሺህ ብዙም አይበልጥም። ገደሉ በስድስት ሺህ ዓመት ያላደረገውን ገበያው በአንድ ሰው ዕድሜ ጨረሰው። እንግዳችን ግን ክሱን የጻፉት በገደሉ ላይ ነው።

ሶርያ ውስጥ ከ5 ሺህ ዓመታት በፊት መቶ ገደማ የሜዳ ፍየሎች ከነግልገሎቻቸው በአንድ ጊዜ መታረዳቸውን የሚጠቅስ ይኖራል። ይጥቀስ! ያኔ የአካባቢው ሰው በግና ፍየል እያረባ፣ እህል እያመረተ ይኖር ነበር። መንጋው ለከርሞ ባይመለስ አይራብም። ማሞዝን፣ ያን ከምድር የጠፋ ጠጉራም የዝሆን ዘመድ፣ ማን ጨረሰው የሚለውን ደግሞ ሊቃውንቱ ራሳቸው ገና አልተስማሙበትም፤ ለሬዲዮ እንግዳ ማስረጃ የሚሆን ነገር አይደለም።

ዛሬ ክላሽ ታጥቆ የዱር ሥጋ ወደ ከተማ የሚያወርደው ጉዳት የለውም የሚል የለም። እሱ ግን ነጋዴ ነው፤ ከድንጋይ ዘመን ሰው ጋር አንድ ላይ መከሰሱ ለእሱ ክብር፣ ለጥንቱ ሰው ስድብ ነው።

የዱር እንስሳት ፓርኮችን የሚያስተዳድረው አፍሪካን ፓርክስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ቆጠራ ድንበር ማዶ ደቡብ ሱዳን ውስጥ 5 ሚሊዮን ያህል ነጭ ጆሮ ቆርኬ መኖሩ ታውቋል። ሰው ሥጋውን በሚበላበት፣ ጠመንጃ በሞላበት አገር! እኛ በበኩላችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጋምቤላ ውስጥ ለአንድ የህንድ ኩባንያ ብቻ 100 ሺህ ሄክታር አስረከብን። ውሉ በኋላ ቢሰረዝም፣ ሲፈረም የመንጋውን መስመር ካርታ የጠየቀ ባለሥልጣን ስለመኖሩ የሰማሁት የለም። ቀጣዩ ውል ከመፈረሙ በፊት መስመሩ በካርታ ላይ ይሰመር። ሲሰመርም የኑዌርና የአኝዋ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ይጠየቁ፤ መንጋው በየት በኩል እንደሚያልፍ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።